ስኳር በሽታ አዲስ ለገባበት ቤት፤ መርፌው፣ ማዕዱና ተወኩል



ለዚህ ወር ጽሑፋችን መነሻ የሆነን በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ያጋጠመን ነገር ነው። በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን ከተቀመጠበት ወንበር ቀስ በቀስ ይንሸራተት ጀመር። ፊቱ በላብ ተጠምቋል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚናገረውም እርስ በርሱ አይያያዝም። ሊደግፈው የተጠጋውን ጓደኛውን በቁጣ ገፈተረው። ልጁ ደግሞ በጨዋነቱ የታወቀ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች «ጂን ነው! ጂን ያዘው!» እያሉ ተነሡ። እውነቱን ለመናገር እኛም ብንሆን ከዚያ የተሻለ ሐሳብ አልመጣልንም። ጭንቅላቱን ይዘን አየተል ኩርሲይን መቅራት ጀመርን።

በግቢው ውስጥ ሻይ የሚሸጡ አንዲት እናት ጫጫታውን ሰምተው ገቡ። ልጁን አንድ ጊዜ አዩትና «ይህ ልጅ መርፌ ይወጋል እንዴ?» ሲሉ ጠየቁ። ከጓደኞቹ አንዱ «አዎን፣ ስኳር አለብህ ተብሎ ከሆስፒታል ከወጣ ገና 2 ሳምንቱ ነው» አለ። እኒያ እናት ሮጠው ሄደው ስኳር የበዛበት ውኃ በብርጭቆ ይዘው ተመለሱ። ልጁ መዋጥ አላቃተውም ነበርና ቀስ እያሉ አጠጡት። ሩብ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ዓይኑ ጠራ፤ «ኡስታዝ፣ ምን ሆኜ ነው?» ሲል ጠየቀን። እኒያ እናት ባለቤታቸው የስኳር ሕመምተኛ እንደሆኑ የነገሩን ከዚያ በኋላ ነው።

ቁርኣን መቅራታችን ጥፋት አልነበረም። ጥፋታችን ከቁርኣኑ ጋር ስኳሩን አለማቅረባችን ነው።

በዚያው ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ቤተሰቡን ልንጠይቅ ሄድን። እናቱ በሽታውን ከሰሙበት ቀን ጀምሮ በቤቱ ውስጥ አንዲት ማንኪያ ስኳር እንዳይገኝ አድርገዋል። «ስኳሩን የሚያነሣበት ምግብ ነው» ብለው በማሰብም ጠዋት መርፌውን ወግተው ያለ ቁርስ ነበር የላኩት። አባቱ ወደ ጎን ጠርተውን «ኡስታዝ፣ ይህ መድኃኒት ከአሳማ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?» አሉን። አያቱ ደግሞ «ልጄ፣ ማርና ጥቁር አዝሙድ እያለ በየቀኑ መርፌ ምን ይሠራል?» አሉ። ልጁ ራሱ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ረመዷንን መጾም እችላለሁ?»

እነዚህ ጥያቄዎች የአንድ ቤት ብቻ አይደሉም። እኛ አስተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች አይደለንም፤ የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪሙ ብቻ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ሙስሊም ቤተሰብ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉና ከሕክምናውም ከዲኑም ያገኘነውን በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

በሽታው ምንድን ነው?

የምንበላው እንጀራ፣ ዳቦ፣ ሩዝና ገንፎ በሆድ ውስጥ ተፈጭቶ ወደ ስኳርነት ይለወጥና ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ለሰውነታችን ማገዶ ነው። ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች የሚገባው ግን ኢንሱሊን በሚባል ንጥረ ነገር አማካይነት ነው። ኢንሱሊንን የሚያመነጨው ከጨጓራ በስተጀርባ የሚገኘው ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል ነው።

በሕፃናትና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የሚከሰተው የሰውነት የመከላከያ ኃይል ኢንሱሊን አመንጪ የሆኑትን የቆሽት ሴሎች ሲያጠፋ ነው። በዚህ ጊዜ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሰውነት ግን ይራባል። ሕመምተኛው ውኃ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ እየበላ ይከሳል። በአብዛኛው በጎልማሶች ላይ የሚታየው ሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ኢንሱሊኑ እያለ በሚገባ ሳይሠራ ሲቀርና እያደርም ሲያንስ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ዓይነት በምግብ ጥንቃቄ፣ በእንቅስቃሴና በክኒን ሊያዝ ይችላል፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። አንደኛው ዓይነት ግን ያለ ኢንሱሊን ሕይወት የለውም።

ይህን በቁም ነገር እንድንይዘው ታሪኩን ማስታወስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ ቶሮንቶ ኢንሱሊንን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ በዚህ በሽታ የተያዘ ልጅ ዕድሜው ከጥቂት ወራት ወይም ከጥቂት ዓመታት አይዘልም ነበር። የነበረው ሕክምና ልጁን ማስራብ ነበር። በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌውን ተወግቶ ዳነ። ዛሬ በእጃችን የያዝናት ትንሽ ብልቃጥ የአላህ (ሱ.ወ.) ኒዕማ ናት።

መርፌና ምግብ አይነጣጠሉም

የእናቲቱ ስሕተት ከእናትነት ርኅራኄ የመነጨ ነበር። ይሁን እንጂ ኢንሱሊን የተወጋ ሰው ካልበላ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ያለችውን ጥቂት ስኳር ጠርጎ ይጨርሳል። በተማሪያችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ኢንሱሊኖች ሦስት ዓይነት ናቸው። ጥርት ብሎ የሚታየው ፈጣኑ ሲሆን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይወጋል፤ ኃይሉም ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ነጣ ብሎ የሚደፈርሰው ቀርፋፋው ሲሆን ጠዋት የተወጋው ኃይሉ የሚበረታው ረፋዱ ላይና ከቀትር በኋላ ነው። ሦስተኛው የሁለቱ ቅልቅል ነው። ስለዚህ ጠዋት የተወጋ ተማሪ ቁርስ ብቻ ሳይሆን ምሳውም በሰዓቱ ሊደርስለት ይገባል። ኳስ የሚጫወትበት ወይም ረጅም መንገድ የሚሄድበት ቀን ከሆነ እንቅስቃሴ ስኳርን ዝቅ ስለሚያደርግ ቀድሞ አንድ ነገር መቅመስ አለበት።

ስለ ጫትም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ኢንሱሊን ተወግቶ ሳይበላ ለመቃም የተቀመጠ ሰው ስኳሩ ሲወርድ ጓደኞቹ ምርቃና መስሏቸው ዝም ሊሉት ይችላሉ።

በማዕድ ላይ

ብዙዎች «የስኳር በሽተኛ እንጀራ አይብላ» ሲሉ እንሰማለን። ሌሎች ደግሞ «ጤፍ ከሆነ የፈለገውን ያህል ይብላ» ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የጤፍ እንጀራም እንደ ማንኛውም እህል ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ቁም ነገሩ መጠኑና ሰዓቱ ነው። የሐኪሞች ቀላል መለኪያ ሳሕኑን መከፋፈል ነው። ግማሹ ጎመን፣ ሰላጣ፣ ቲማቲምና የመሳሰሉት አትክልቶች፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ሥጋ፤ የቀረው ሩብ እንጀራ፣ ዳቦ ወይም ሩዝ ይሁን።

እኛ ግን የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ልጁን ከማዕድ ለይቶ ለብቻው ማስቀመጥ ደግሞ ልቡን ይሰብራል። የተሻለው መንገድ የእሱን ድርሻ እንጀራ በየዕለቱ በተመሳሳይ መጠን በፊቱ አድርጎ፣ ወጡንና አትክልቱን ከሁሉም ጋር እንዲበላ ማድረግ ነው። ቤተሰቡም አትክልት ቢያበዛ ጤናው የሁሉም ነው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆዳችንን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንድንከፍል ያስተማሩት ትምህርት (ቲርሚዚ ዘግበውታል) ለጤነኛውም ለታማሚውም ነው።

ሻይ ላይ እንጠንቀቅ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 4 ግራም ይመዝናል። በ3 ማንኪያ የተጠጣ ሻይ 12 ግራም ነው፤ በቀን 4 ብርጭቆ ከተጠጣ 48 ግራም ይሆናል። ሻይን ያለ ስኳር ወይም በጣም በትንሹ መልመድ፣ ለስላሳንና ጁስን ደግሞ ስኳር ለወረደበት ሰዓት ብቻ ማቆየት ይገባል።

ስኳር ሲወርድ

ከሁሉ አስቀድሞ ቤተሰቡ ሁሉ፣ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ሳይቀሩ፣ ሊያውቁት የሚገባው ይህ ነው። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በአንድ ዴሲ ሊትር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲሆን ወርዷል ይባላል። ምልክቶቹ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረኃብ፣ ራስ ምታት፣ መነጫነጭ፣ የንግግር መደነቃቀፍና መቀባዠር ናቸው። እንደ ተማሪያችን ጸባይንም ይለውጣል።

መፍትሔው እንዲህ ነው፦

1ኛ. መለኪያ መሣሪያ ካለ ወዲያው መለካት፤ ከሌለ ግን ጊዜ ሳያባክኑ እንደወረደ ቆጥሮ ማከም።

2ኛ. ወደ 15 ግራም የሚሆን ፈጣን ስኳር መስጠት። ይህም 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ፣ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ፣ ወይም አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ነው።

3ኛ. ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት ወይም ሁኔታውን ማየት፤ ካልተሻለው መድገም።

4ኛ. ሲሻለው ዳቦ ወይም እንጀራ ማብላት፤ አለዚያ ተመልሶ ይወርዳል።

ራሱን ስቶ መዋጥ ላልቻለ ሰው ግን በአፉ ምንም ነገር አይፈሰስ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊያፍነው ይችላል። በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መውሰድ ነው። ስለዚህ ስኳርን ከቤት ያባረሩት እናት መልሰው ማስገባት አለባቸው። ከማዕድ ቤት ብትርቅም ከልጁ ኪስ አትራቅ።

ስኳር ሲወጣና ሌላ ሕመም ሲመጣ

ሁለተኛው አደጋ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። ልጁ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ይይዘዋል፤ ምግብ ይጠላል፤ ቤተሰቡም «ስላልበላ መርፌውን ይተው» ይላል። በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ኢንሱሊንን ጨርሶ ማቆም ለሞት ያደርሳል። በሕመም ጊዜ ስኳር ሳይበላም ይወጣል። ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው ስብ ያቃጥላል፤ ከዚያም ኬቶን የተባለ አሲድ ደሙን ይመርዛል። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ እንደ ፍራፍሬ የሚሸት ትንፋሽና ድብታ ከታየ የነገን ጠዋት ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ልጁ በታመመ ጊዜ ስኳሩ ቶሎ ቶሎ ይለካ፣ ውኃ ይጠጣ፤ መጠኑን መቀነስ ካስፈለገም ሐኪሙ ይወስን።

ብልቃጡና መርፌው

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜ ባለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። በረዶ ከሆነ መጣል አለበት፤ ቢሟሟም አይሠራም። በሥራ ላይ ያለው ብልቃጥ ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ለ4 ሳምንታት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ የሌላቸው ቤተሰቦች ተስፋ አይቁረጡ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሰሜን ኬንያ የዳጋሌይ የስደተኞች ካምፕን ሁኔታ መሠረት አድርጎ ያካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንታት የተቀመጠ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳላጣ አሳይቷል። ብልቃጡን ውኃ በማይገባበት ዕቃ አድርጎ በረጠበ የሸክላ እንስራ ወይም ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ሙቀቱን ያበርድለታል።

የሚደፈርሰው ኢንሱሊን ከመቀዳቱ በፊት በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተብሎ ይንከባለል እንጂ አይናጥ። ጥርት ያለው ከደፈረሰ፣ ወይም የሚደፈርሰው ከቋጠረ አይወጋ። ብልቃጡ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የሚል ከሆነ ስሪንጁም ባለ 100 መሆኑን ማረጋገጥ ነው። የሚወጋበት ቦታ ሆድ ወይም ጭን ሲሆን በየዕለቱ ቦታውን መለወጥ ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ደጋግሞ ከተወጋ ያብጥና መድኃኒቱ በትክክል አይሠራም።

«ከአሳማ ይሠራል» ለሚለው

የአባቲቱ ጥያቄ መሠረት የሌለው አልነበረም። ኢንሱሊን ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት የሚወጣው ከበሬና ከአሳማ ቆሽት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በሳይንስ ጥበብ ከሰው ኢንሱሊን ጋር አንድ የሆነው ዓይነት በባክቴሪያና በእርሾ አማካይነት እየተመረተ ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ይኸው «ሂዩማን» የሚባለው ነው፤ የብልቃጡን ጽሑፍ አንብቦ ማረጋገጥ ይቻላል። ከዚህም ሌላ ሕይወትን ለማዳን ሌላ አማራጭ ባልተገኘበት ጊዜ አላህ (ሱ.ወ.) ለተገደደ ሰው ያደረገውን ማግራራት በሱረቱል በቀራህ 173ኛ አንቀጽ ላይ እናገኘዋለን።

ማር፣ ጥቁር አዝሙድና ተወኩል

ለአያቲቱ የመለስነው በአክብሮት ነው። በማር ውስጥ ፈውስ እንዳለ በሱረቱ ነሕል ተነግሯል፤ ስለ ጥቁር አዝሙድም የታወቀ ሐዲስ አለ። ይህን እናምናለን። ነገር ግን በአንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ውስጥ ወደ 17 ግራም የሚጠጋ ስኳር አለ። ስኳሩ ለወረደበት ልጅ ያው ማር ፈውስ ነው፤ ስኳሩ ለወጣበት ልጅ ደግሞ ሸክም ይሆንበታል። ጥቁር አዝሙድና አብሽ ከምግብ ጋር ቢወሰዱ ለሐኪሙ መንገር ይገባል እንጂ በኢንሱሊን ቦታ አይተኩም። ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ላቆመበት ሰው ኢንሱሊኑን የሚተካለት ቅጠል የለም።

ሩቅያስ? ይቀራ። ዱዓእስ? ይበርታ። መርፌው ግን አይቋረጥ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታከሙ ብለው አዘዋል፤ ግመሉን ሳያስር «በአላህ ተመክቻለሁ» ሊል ለፈለገውም ሰው አስሮ እንዲመካ አስተምረውታል። እንግዲህ ለስኳር ሕመምተኛ ግመሉን ማሰር ማለት መርፌውን በሰዓቱ መውጋትና ምግቡን በሰዓቱ መብላት ነው።

ረመዷን ሲመጣ

ከሁሉ የከበደን የልጁ ጥያቄ ነው፤ ሲጠይቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች ለታመመ ሰው ፈቅዶለታል፤ ለባሮቹ የሚሻው ገርን እንጂ ችግርን እንዳልሆነም ነግሮናል። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2009 ሻርጃህ ላይ ባደረገው ጉባዔ የስኳር ሕመምተኞችን በአራት ደረጃ ከፍሎ፣ ለጉዳት የመጋለጥ ዕድላቸው እጅግ ከፍተኛ ወይም ከፍተኛ የሆኑት እንዲያፈጥሩ፣ የተቀሩት ደግሞ በሐኪም ምክር እንዲመሩ ወስኗል። በአንደኛው ዓይነት የተያዘና ኢንሱሊን ገና የጀመረ ልጅ የሚመደበው ከመጀመሪያዎቹ ነው።

ሐኪሙ ከፈቀደለት የሚጾም ሰውም ቢሆን ከረመዷን አንድና ሁለት ወር አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር፣ የመርፌውን መጠንና ሰዓት ማስተካከል፣ ሱሑርን አለመተውና ማዘግየት፣ በአፍጥር ላይም በሳምቡሳ፣ በጁስና በተምር ብዛት አለመሸነፍ አለበት። ጣት ወግቶ ስኳር መለካት ጾምን አያበላሽም። ለምግብነት የማይሰጡ መርፌዎችም ጾም እንደማያበላሹ ይኸው አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጂዳ ላይ ወስኗል። ነገር ግን ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ፣ መግሪብ 10 ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ ያፍጥር። ያፈጠራቸውን ቀናት መክፈል የሚችል ቀዷ ያወጣል፤ የመዳን ተስፋ በሌለው ሕመም ምክንያት የማይችል ደግሞ ለያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ያበላል። የትኛው እንደሚመለከተው ዓሊም ይጠይቅ።

በዚህ ነገር ላይ ሳናውቅ ፈትዋ ከመስጠት እንቆጠብ። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ.) እንደዘገቡት፣ በጉዞ ላይ ጭንቅላቱ የቆሰለ ሰው ትጥበት ግዴታ ሆነበትና ጓደኞቹን ሲጠይቅ «ማግራሪያ የለህም» አሉት፤ ታጥቦም ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን በሰሙ ጊዜ በእጅጉ ተቆጡ፤ የሞቱ ምክንያት እነርሱ መሆናቸውን ተናገሩ፤ የማያውቅ ሰው ፈውሱ መጠየቅ መሆኑንም አስተማሩ። «ጹም፣ አላህ ያሽርሃል» ብለን አንድን ታማሚ ልጅ ስናበረታታ ይህን ሐዲስ እናስታውስ።

ለልጁ እንዲህ አልነው፤ «አብሽር፤ የጾምን ትእዛዝ የሰጠህ ጌታ ነው ማፍጠሩንም ያዘዘህ። በሁለቱም ለእርሱ ታዛዥ ነህ።»

ከዚያች ቀን ወዲህ እናቱ ቁርስ ሳያበሉ አይልኩትም። እኛም በየክፍሉ እየዞርን ምልክቶቹን ለተማሪዎች አስተምረናል፤ በአስተማሪዎች ክፍልም አንድ ጣሳ ስኳር ተቀምጧል። ልጁ በደብተር ቦርሳው ኪስ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳርና «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ይንቀሳቀሳል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችን በእጃችን ያሉ የአላህ አማናዎች ናቸው። ወጣቶች ሆይ! በሽታችሁን ከጓደኞቻችሁ አትደብቁ፤ በወደቃችሁ ጊዜ የሚያነሣችሁ የሚያውቅ ሰው ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሁሉ ፈውስን፣ ለሚያስታምሙትም ሶብርን ይስጥ። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።